የመተማው ካሴትና የአሥራ ሰባት ቀን መርፌ

ጆሮዬ ደህና ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከገዳሪፍ ሆስፒታል ከተመለስኩ ወዲህ ባሱንዳ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ እየጮኸ ስለሚያናግረኝ ነው። «አያ ደሴ! እንዴት ዋልክ!» ይለኛል አንዱ ከመንገድ ማዶ፣ ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ። ኧረ ቀስ በሉ ወገኖቼ፣ እሰማለሁ! ያልሰማሁ የመሰለኝ ሁለት ቀን ነበር፤ እሱም እንዴት እንደሆነ ላጫውታችሁ።

የመተማ ሰው ነኝ። የዕድሜዬን እኩሌታ ያሳለፍኩት ግን ከድንበሩ ወዲህ፣ ሱዳን ውስጥ፣ ባሱንዳ ዙሪያ ባሉት እርሻዎች ላይ ነው። በክረምት አረም፣ ክረምቱ ሲወጣ ሰሊጥ አጨዳ፣ ከዚያ ማሽላ። አሁን የሠራተኛ አለቃ ሆኛለሁ፤ አለቃ ማለት ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳና ከሁሉ በኋላ የሚበላ ሰው ማለት ነው። ሚስቴ የሺ ገበያው ዳር የስፌት መኪና አላት፤ የሠራተኛውን የተቀደደ ሱሪ ሁሉ የምትጠግነው እሷ ናት። ሁለቱ ልጆቻችን መተማ እህቴ ዘንድ ሆነው ይማራሉ።

ከሕመሜ በፊት ስለ ዘፋኜ መናገር አለብኝ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባችሁም። ስሙን ግን አልጠራም። በሰሊጥ ሠራተኛ መካከል የዘፋኝ ስም መጥራት ጠብ መጫር ነው። አንድ ዓመት ሁለት የደባርቅ ልጆች «የኔ ይበልጣል፣ የኔ ይበልጣል» ሲባባሉ ማጭድ ሊማዘዙ ደርሰው፣ በመካከል የገባሁት እኔ ነኝ። እኔ «የኔ ዘፋኝ» እለዋለሁ። የሺ ደግሞ «ጣውንቴ» ትለዋለች፤ ከእኔ ይልቅ ከእሱ ጋር ታመሻለህ ለማለት ነው።

ሁለት አልበሞቹና ሁለት የመድረክ ቅጂዎቹ አሉኝ። የመጀመሪያውን አልበም የሠራው ገና ለግላጋ ሳለ ነው፤ ኪቦርዱ ድምፁን ሊውጠው ይታገላል፣ እሱም እንዳይዋጥ እየተጣደፈ ይዘፍናል። ሁለተኛው ረጋ ያለ ነው። የጎንደሩን መድረክ የተጫወተው በስተርጅናው ነው፤ ድምፁ ወፍሯል፣ ከፍ ያለውን ቦታ ለሕዝቡ ትቶ እሱ ከታች ይቀበላል። ሰው «አልቻለም» ይላል፤ እኔ ዐዋቂነት ነው እላለሁ። ከሁሉ በላይ የምወደው ግን የመተማውን ነው።

የመተማው የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ግድም፣ ሰሊጥ ተሸጦ የሠራተኛው ኪስ በሞቀበት ሰሞን የተቀዳ ነው። መድረኩ ጎኑ የተከፈተ የጭነት መኪና ነበር። ከዘፋኙ ሌላ አንድ መሰንቆ፣ አንድ ከበሮና አንድ ጄኔሬተር። ጄኔሬተሩን ከባንዱ የምቆጥረው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለሚሰማ ነው። እኔ እፊት ቆሜ እስክስታ ስወርድ አመሸሁ። ሦስተኛው ዘፈን አልቆ መሰንቆው ሲቃኝ፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩና የአንዲት ልጅ እግር ረገጥኩ። «እግሬን!» ብላ ጮኸች። «ዓይን የለህም እንዴ?» ዞርኩ። «ዓይንስ አለኝ፤ ጆሮዬ ነው ያሳተኝ» አልኳት። ያቺ ልጅ የሺ ናት።

በኋላ ካሴቱ ወጥቶ ገዝቼ ስሰማው፣ እዚያው ቦታ፣ መሰንቆው ሲቃኝ፣ ከጄኔሬተሩ ድምፅ ሥር ቀጭን «እግሬን!» ሰማሁ። ደንግጬ ካሴቱን መለስኩት። አለች! ጠበቅ አድርጎ ላላዳመጠ አትሰማም፣ ላዳመጠ ግን አለች። ካሴቱ ተጎትቶ ሳይበጠስ ወደ ሜሞሪ አስገለበጥኩት፤ ከዚያ ወዲህ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ኖረ። በየዓመቱ ሠራተኛው ሲሰበሰብ እዚያች ቦታ ላይ እጄን አነሳና «ዝም በሉ፣ የሺ መጣች!» እላለሁ። ሰው ይስቃል። የሺ ካለችም ትስቃለች።

ሕመሙም የመጣው በዚሁ በዘፈኑ በኩል ነው። እርሻው ለጥ ያለ የዋልካ ሜዳ ነው። ካምፓችን አጠገብ ግን አንድ ትልቅ ግራር አለ፤ ከሥሩም ምስጥ የከመረው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ። ኩይሳው ጫፍ ላይ ስልክ ሲቀመጥ የኢትዮጵያ ኔትወርክ ይይዛል፤ ስለዚህ ሁሉም ቤተሰቡን የሚያገኘው እዚያ ነው። ደዋዩ ደውሎ ሲያበቃ እኔ ድምፅ ማጉያዬን ኩይሳው ላይ አቆማለሁ። መድረካችን እሱ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዙሪያውን ሸራ ዘርግተን፣ ከሙቀቱ የተነሳ ሸሚዛችንን አውልቀን፣ ጋደም ብለን እንሰማለን። ብዙ ጊዜም እዚያው እንቅልፍ ይወስደናል።

የአሸዋ ዝንብ የምትባል ከትንኝ የምታንስ ነገር እንዳለች፣ መኖሪያዋም እንዲህ ያለ ኩይሳና የዋልካ ስንጥቅ፣ እንዲህ ያለ የግራር ጥላ እንደሆነ ማን ነገረን? ትንኝ ብትሆን ጥዝዝ ስትል እሰማታለሁ። ይህች ድምፅ የላትም። በጆሮው የሚኮራውን ሰውዬ ድምፅ የሌላት ነገር ነከሰችው።

ትኩሳቱ የጀመረኝ ማሽላው ሊቆረጥ ሲል ነው። ወባ ነው አልኩ። እኛ አገር ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው፤ ሰው ሳይመረመር ኪኒኑን ከሱቅ ገዝቶ ይውጣል። እኔም ዋጥኩ። ሦስት ቀን ተሻለኝና ተመለሰ። ክሊኒክ ሄድኩ፤ እነሱም ወባ ነው ብለው ሌላ ኪኒን ሰጡኝ። እንደገና ተመለሰ። ድንበሩ ላይ ወዳለችው ገላባት ወርጄ አንድ ክሊኒክ ታየሁ፤ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። የታይፎይዱንም ጨረስኩ። የጎረቤታችን እናት ደግሞ ምች ነው ብለው ቅጠል ጨምቀው አጠጡኝ። የሳቸው ቢያንስ አልመረረም።

በዚህ ሁሉ መካከል ከሥራ አልቀረሁም። የሺ «ገዳሪፍ እንሂድ» ስትል እኔ «ማሽላው ይቆረጥና» እላለሁ። ተጣላን። ሳምንት ሙሉ ሳታናግረኝ እራት ታቀርብልኛለች፣ ሳላናግራት እተወዋለሁ። የምተወው ኩራት ይዞኝ መስሏት ነበር፤ እኔ ግን እህል ጠልቼ ነው። ነስርም ጀመረኝ፤ እሱን ደበቅኳት።

ሁለት ነገር አጋለጠኝ። አንደኛው፣ አንድ ማምሻውን ልጆቹ የመተማውን ሲከፍቱ «ዝጉልኝ፣ ራሴን አመመኝ» አልኩ። ይህ ወሬ ገበያ ድረስ ሄዶ የሺ ዘንድ ደረሰ። ሁለተኛው ሜትሯ ነው። ሸሚዜ ትከሻዬ ላይ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ ላጥብብልህ ብላ ለካችኝ። ትከሻዬን ለካች፣ ደረቴን ለካች፣ ሆዴን ለካች። ከዚያ ሆዴን ደግማ ለካች።

«ደሴ፣ ትከሻህ አራት ጣት ጠቦ ሆድህ እንዴት ይሰፋል?»

እጇን በግራ በኩል ከጎድኔ በታች አሳረፈች። ጠንካራ ነገር አለ። የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነችው። ይህን የምታደርገው ለፋሲካና ለሞት ብቻ ስለሆነ ሳልከራከር ተነስቼ ተከተልኳት።

ገዳሪፍ የሆስፒታሉ በር ላይ ረክሻ የሚሉት ባጃጅ ሲያወርደን ያየሁትን ሰው ብዛት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ የካርቱም ሰው ሁሉ እዚያ ያለ ይመስላል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቦታ አልነበረም። አንዲት ሱዳናዊት እናት አየችኝና የራሷን ልጅ ጭኗ ላይ አውጥታ «ተቀመጥ፣ ያ ወለዲ» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው፤ በዕድሜ ግን እኩያዬ ናት። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንጠብቅ ከያዘችው ቂጣም ቆርሳ ሰጠችን። ስሟን እንኳን አልጠየቅኳትም፤ እግዜር ይስጣት።

ሐኪሙ እሱም ከካርቱም የተፈናቀለ ወጣት ነው። ሆዴን ሲነካ ፊቱ ተለወጠ። «ስንት ጊዜ ሆነህ?» «ሁለት ወር ከምናምን።» «የት ነው የምትተኛው?» እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሐኪም እሱ ነው። ስለ ግራሩና ስለ ኩይሳው ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከጣቴ ደም ወስደው አንዲት ቀጭን ነገር ላይ ጠብ አደረጉና ሁለት መስመር ወጣባት። ካላዛር ተባልኩ።

ካላዛር ማለት ያቺ ዝንብ የምታስገባው ተባይ ጣፊያ ውስጥ ተቀምጦ ሰውን ከውስጥ የሚጨርስበት በሽታ ነው። ወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ሳይታከሙ ከተዉት ይገድላል፤ ታክሞ የጨረሰ አብዛኛው ይድናል። ሕክምናው ለአሥራ ሰባት ቀን በየቀኑ ሁለት መርፌ ነው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። የሺ ይህን ስትሰማ «አሥራ ሰባት ብቻ?» አለች። እሷ ምን አለባት፣ የምትወጋው እሷ አይደለች!

የምትወጋኝ ነርስ ሲስተር ኢክራም ናት፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ቀልድ የማትወድ የምትመስል ግን የምትወድ ሴት። የመጀመሪያ ቀን መርፌውን አዘጋጅታ ሳለ እንዲህ አለችኝ፦

«ከሁለቱ አንዱ አንዳንድ ሰው ላይ ጆሮ ይነካል። ጆሮህ ውስጥ ከጮኸብህ ወይም መስማትህ ከቀነሰ ወዲያው ንገረኝ። እሺ?»

«እሺ» አልኩ። ግን ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አንድም ነገር አልሰማሁም። ከሞቱ ይልቅ መደንቆሩ አስፈራኝ ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ፤ ሳቁ። ሞትን አላውቀውም። የመሰንቆ ድምፅን ግን አውቀዋለሁ፤ እሱን ማጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት አንድ ዘዴ መጣልኝ። የሺን ካረፍንበት ከአክስቷ ልጅ ቤት ስልኬንና የጆሮ ማዳመጫ አምጪልኝ አልኳት። በየቀኑ ከመርፌው በኋላ የመተማውን እከፍታለሁ። «እግሬን!» ከተሰማኝ ጆሮዬ አለ።

የመጀመሪያ ቀን ሰማኋት። ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠኝ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልዬ ሰማኋት፤ እንደዚያ ጥርት ብላ ተሰምታኝ አታውቅም። ሁለተኛም ሦስተኛም ቀን።

አጠገቤ የተኛው የኸሽም ኤል ቂርባ ሰው ነው፤ ዓም ሃሩን፣ አጎቴ ሃሩን እንደማለት። ዕድሜውን ሙሉ የመስኖ ቦይ መዝጊያ ሲከፍትና ሲዘጋ የኖረ፣ ረጅም፣ ጥርሱ የተራራቀ ሽማግሌ። ሱዳኖች ዘፈናችንን እንደሚወዱ ታውቃላችሁ፤ እሱማ ጣቱን እያጮኸ ይሰማል። «አንተ ሐበሻ፣ ብቻህን አትብላ» ብሎ አንዱን ማዳመጫ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ በሁለት አልጋ መካከል ገመድ ተዘርግቶ ሁለታችን አብረን ሰማን። ስለ የሺ ነገርኩት። ቦታዋ ስትደርስ እጄን አነሳሁ። ዓይኑን ጨፈነና «አይዋ! ሰማኋት!» አለ። እንዴት ደስ አለኝ!

እንዲህ ሆኖ ቀኑ ይሄዳል። ጠዋት መርፌ። መርፌው ያቃጥላል፤ ከሁለተኛው አልበም አንዱን ረጅም ዘፈን ከመወጋቴ በፊት እከፍታለሁ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ማቃጠሉም ያልቃል። የዚያን ዘፈን መጨረሻ ድሮ አልወደውም ነበር፣ ተንዛዛ እል ነበር። አሁን ሌላ ሁለት ደቂቃ ቢጨምርበት ብዬ ተመኘሁ። ቀትር ላይ የጎንደሩ። ከሰዓት የመጀመሪያው አልበም፤ ጥድፊያውን ስሰማ ያ ልጅ ያሳዝነኝ ጀመር፣ ማንም አላባረረውም'ኮ! አሥር ሰዓት ላይ የሺ እራቴን ይዛ ከአክስቷ ልጅ ቤት ትመጣለች፤ ከዚያ የመተማው። በስምንተኛው ቀን ሾርባ ጠየቅኩ። በዘጠነኛው ቀን ሥጋ ጠየቅኩ። የሺ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፤ «ሥጋ ውድ ነው ብለሽ ነው?» አልኳትና በመሐረቧ መታችኝ። በአሥረኛው ቀን ሐኪሙ ሆዴን ነክቶ ጣፊያው እየሸሸ ነው አለ።

በአሥራ አንደኛው ቀን የሺ ጠፋች።

ሦስተኛው ዘፈን አለቀ። መሰንቆው ተቃኘ። ጄኔሬተሩ አለ። አራተኛው ዘፈን ጀመረ። መለስኩት። የለችም። ድምፁን ጨመርኩ፣ ማዳመጫውን ከግራ ወደ ቀኝ አዞርኩ። የለችም። ዓም ሃሩን እንደ ወትሮው «አይዋ!» አለ። እሱ እየሰማ እኔ አልሰማሁም ማለት ነው!

ለማንም አልተናገርኩም። ይህ ነው ስህተቴ፤ እናንተ እንዳትደግሙት ነው የምጽፈው። ለሲስተር ኢክራም ብነግራት መድኃኒቱን ያቆሙታል፣ ካቆሙት በሽታው ይመለሳል ብዬ ፈራሁ። ባልነግራት ደግሞ ስድስት ቀን መርፌ ቀርቶኛል፤ በስድስት ቀን ውስጥ ጆሮዬ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዝም ብዬ ተወጋሁ። እንደገና ሰማሁ፤ የለችም። ያን ቀን የሺ ስታወራኝ ከንፈሯን እያየሁ ዋልኩ፤ ለወደፊቱ ልለማመድ ብዬ። «ምን ታፈጥብኛለህ?» አለችኝ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ሲስተር ኢክራም ስትመጣ ተነስቼ ቆምኩ።

«ዛሬ አልወጋም።»

«ምን ሆነህ?»

«እንዲሁ። ኻላስ፣ በቃኝ።»

ትሪዋን አልጋው ላይ አስቀመጠች። «ያ ደሴ፣ የቀረህ ዛሬን ጨምሮ አምስት ቀን ነው። ካቋረጥከው ይመለሳል። ሲመለስ ደግሞ እንደ አሁኑ በቀላሉ አይለቅም። ምክንያትህን ንገረኝ።»

አልነገርኳትም። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። አልተከተለችኝም። የሠራችው ግን ከዚያ ይብሳል፤ ዓም ሃሩን ስልክ እንዳለው ታውቃለችና በእሱ ስልክ የሺ ዘንድ አስደወለች።

የሺ ነጠላዋን እንኳን በወጉ ሳትለብስ በረክሻ መጣች። አጠገቤ ተቀመጠች።

«ልትሞት ነው ያሰብከው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ሁለት ልጅ አለህ። እኔ አለሁ። ምን ጎደለብህ? ተናገር!»

ነገርኳት። ድምፅሽ ጠፋብኝ፣ ሁለት ቀን ሆነኝ አልኳት። ዛሬ እሱ ነው፣ ነገ መሰንቆው፣ ከነገ ወዲያ የልጆቹ ድምፅ ነው አልኳት። አንዱን ማዳመጫ ከእጄ ወስዳ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ሌላውን እኔ አደረግኩ። ሦስተኛውን ዘፈን ከፈትኩ። ሁለታችን መሬቱን እያየን እስከ መጨረሻው ሰማነው። መሰንቆው ተቃኘ። አራተኛው ጀመረ።

«ሰማሽ?»

«አልሰማሁም።»

«አንቺም?» ብድግ አልኩ። «ስልኩ ነዋ የተበላሸው!»

«ቁጭ በል። ስልኩ አልተበላሸም።» የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትል ጀመር። «ደሴ፣ እኔ ድሮም ሰምቼው አላውቅም።»

«በካሴቱስ?»

«በካሴቱም። ጄኔሬተር ነው ያለው፣ መሰንቆ ነው ያለው፣ በቃ። እኔ የለሁበትም። አንተ እጅህን አንስተህ ‹የሺ መጣች› ስትል ፊትህ እንደዚያ ሲበራ ‹የለችም› ልበልህ? አሥራ ስምንት ዓመት እኮ ነው! ማን አፍ አለው?»

«ሠራተኛው ሁሉ ይሰማ አልነበረም እንዴ?»

«ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል። በየዓመቱ አዲስ ለሚመጣው ‹እዚያ ላይ ሳቁ› ተብሎ ይነገረዋል።»

ወደ ክፍሉ ስንገባ ዓም ሃሩን ላይ አፈጠጥኩበት። «ሰማኋት ብለኸኝ የለ?»

«አንተ ሕመምተኛ ነህ» አለኝ ሳያፍር። «ምን ልልህ ኖሯል?»

ሲስተር ኢክራም ነገሩ ሲገባት መጀመሪያ ተቆጣች፤ «ንገረኝ ያልኩህ ለዚህ ነበር» አለች። ከዚያ ጀርባዬን አስዙራ አስቆመችኝ። ሹካ የመሰለ ብረት አንኳኩታ በግራም በቀኝም አስጠጋችልኝ፤ ሰማሁ። ከኋላዬ በሹክሹክታ ቁጥር ጠራች፤ ደገምኩላት። ከበሩ ላይ ሆና በሹክሹክታ የሆነ ነገር አለች። «ግትር ሐበሻ ነው ያልሽኝ» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ታዲያ እስከ አሥረኛው ቀን የሰማሁት ምንድን ነው?» ስል ጠየቅኳት። የአልጋዬ እግር ላይ የተንጠለጠለውን የትኩሳት ወረቀት አንስታ በጣቷ መስመሩን ተከተለችው። ከፍ፣ ከፍ፣ ዝቅ፣ ዝቅ። አሥረኛው ቀን ላይ ቆመች።

«ትኩሳትህ ጨርሶ የለቀቀህ እዚህ ጋ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን የጠፋብህ ጆሮህ አይደለም፤ ሕመምህ ነው።»

ለካ ካሴቱን ገዝቼ ልቤ የፈለጋትን ከሰማሁ ወዲህ፣ ያን ያህል ዓመት ለብቻዬ፣ በማዳመጫ፣ ልፈትን ብዬ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ በማጉያ ነው፣ ሁልጊዜ ሰው መካከል ነው፤ ሳቁ ይቀድማል፣ እኔም ከሳቁ ውስጥ እሰማታለሁ። ሁለት ቀን በፍርሃት ስላቃጠሉኝ ሁሉንም ልቆጣ ብዬ ነበር። አልሆነልኝም። ሱሪዬን ዝቅ አድርጌ ተኛሁና «ውጊኝ» አልኳት።

የቀሩትን ቀናት የመተማውን እንደ አዲስ ሰማሁት። እዚያች ቦታ ላይ አንዲት ድምፅ ብቻ ስጠብቅ ስለኖርኩ ሌላውን ሁሉ አልሰማሁትም ነበር። መሰንቆው ሲቃኝ ዘፋኙ ከማይኩ ራቅ ብሎ ለመሰንቆ መቺው የሚናገረው ነገር አለ፤ «አትቸኩል፣ ሰው ይጠብቀናል» ይላል። ጥርት ብሎ አለ። ይህን የሺም ሰምታዋለች፣ ዓም ሃሩንም ትርጉሙን ስነግረው ሰምቷል፤ ይህኛውን በእውነት።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ከተወጋሁ በኋላ ሲስተር ኢክራም እጄን ጨብጣ «ሐምዲላ ዓ ሰላማ» አለችኝ፤ እንኳን ለደህና አበቃህ ማለት ነው። በየተወሰነ ጊዜ እየተመለስኩ እንድታይ አዘዘችኝ፤ ሄጃለሁ፣ ደህና ነህ ተብያለሁ። ዓም ሃሩን ከእኔ ሁለት ቀን ቀድሞ ስለጀመረ ቀድሞኝ ወጥቶ ነበር፤ ሲወጣ ዘፈኖቹን ሁሉ በስልኩ ገልብጬለታለሁ።

እናንተ ለአጨዳ የምትወርዱ፣ እባካችሁ ስሙኝ። ከኩይሳና ከግራር ሥር አትተኙ። አጎበር ያዙ፤ ለሙቀት ብላችሁ ራቁታችሁን አትጋደሙ። ትኩሳት ሁለት ሳምንት ካለፈው በኪኒን አታባብሉት፣ ሆዳችሁን በግራ በኩል ዳብሱና ትልቅ ሆስፒታል ሂዱ። መርፌውን ከጀመራችሁ ጨርሱ፤ የሚያስፈራችሁ ነገር ካለ ለነርሷ ተናገሩ እንጂ እንደ እኔ ዛፍ ሥር አትደበቁ። እኛ አሁን ስልክ የምንደውልበት ጊዜ ብቻ ወደ ኩይሳው እንሄዳለን፤ ማጉያውን ካምፑ መካከል በርሜል ላይ አድርገነዋል። ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም፣ በርሜሉ ያንቀጫቅጫል። ይሁን።

ከሆስፒታል የተመለስኩ ዕለት ማምሻውን፣ የሺ የስፌት መኪናዋን ጨርቅ ገልጣ የተጠራቀመ ሥራዋን ያዘች። እኔ እግሬን ዘርግቼ የመተማውን ከፈትኩ። እጄን ላላነሳ፣ ምንም ላልል ወስኛለሁ። ሦስተኛው ዘፈን አለቀ፣ መሰንቆው መቃኘት ጀመረ። መኪናዋ ቀጥ አለ።

«እግሬን!» አለች የሺ፣ ከጨርቁ ላይ ቀና ሳትል። «ዓይን የለህም እንዴ?»

የዘረጋሁትን እግሬን ሰበሰብኩ።

«ዓይንስ አለኝ» አልኳት፤ «ጆሮዬ ነው ያሳተኝ።»

መሰንቆው ተቃኝቶ አለቀና አራተኛው ዘፈን ጀመረ።